ተሰብራ የምትሠራ ቀለበት

የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ጠርሙስ ሁለት የማብቂያ ቀን አለው። አንዱን ፋብሪካው ያትመዋል፤ ብዙ ጊዜ ገና ዓመት ምናምን ይቀረዋል። ሌላውን ዱቄቱን በውሃ የበጠበጠው ሰው በእስክሪብቶ መጻፍ አለበት፤ እሱ ከተበጠበጠበት ዕለት አንሥቶ አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ይመረጣል። ይህ ሁለተኛው ቀን ሳይጻፍ ሲቀር እናት የታተመውን አይታ «ገና ነው» ትልና የተረፈውን ለታናሹ ታስቀምጣለች። ዓመት የቆየ ዱቄት ውሃ ስለገባበት ብቻ በሁለት ሳምንት የሚያረጅበት ምክንያት አራት አቶም ያላት አንዲት ቀለበት ናት። መድኃኒቱ የሚሠራውም በእሷ ነው፣ የሚበላሸውም በእሷ። የፔኒሲሊን ኬሚስትሪ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ክርክር እስከ ዛሬው የመርፌ መዘጋት፣ ዞሮ ዞሮ ከእሷ ይነሣል።

ወረቀት ላይ መሣሏ ቀላል ነው። ካሬ ይሣሉ። ሦስቱ ማዕዘን ካርቦን፣ አራተኛው ናይትሮጅን ነው። ከናይትሮጅኑ አጠገብ ባለው አንድ ካርቦን ላይ ኦክሲጅን በድርብ ቦንድ (የአቶሞች ማሰሪያ) ይንጠለጠላል። ቤታ ላክታም የሚባለው ይኸው ነው። ናይትሮጅኑንና በሌላ ጎኑ ያለውን ካርቦን የሚጋራ፣ ሰልፈር ያለበት ባለ አምስት አቶም ቀለበት ደግሞ ይለጠፍበታል፤ እሱ ታያዞሊዲን ይባላል። ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ጠፍጣፋ ሆነው አይተኙም፤ በጋራ ጎናቸው ላይ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ይታጠፋሉ። በቀረው የካሬው ማዕዘን ላይ የጎን ሰንሰለት አለ፤ ባለ አምስቱ ቀለበት ላይ አንድ ካርቦክሲሊክ አሲድና ሁለት ሜቲል። ፔኒሲሊን ይኸው ነው፤ ፔኒሲሊን ጂ፣ ፔኒሲሊን ቪ፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን የሚለያዩት በጎን ሰንሰለታቸው ብቻ ነው።

በካሬው ውስጥ ናይትሮጅኑን ኦክሲጅን ከተሸከመው ካርቦን ጋር የሚያገናኘው ቦንድ አማይድ ይባላል። ሥጋም፣ የእንቁላል ነጭም፣ ፀጉርም የተያያዙት በዚሁ ቦንድ ነው፤ ጠንካራ ነው። ፕሮቲንን ወደ አሚኖ አሲዶቹ ለመበተን የተለመደው አሠራር በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 24 ሰዓት ማብሰል ነው። ፔኒሲሊን ጂ ግን ፒኤች 2 ላይ (ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) በክፍል ሙቀት ብቻ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ያልቃል። ስሙ አንድ የሆነ ቦንድ እንዲህ የሚለያየው ለምንድን ነው? ተራ አማይድ ጥንካሬውን የሚያገኘው ናይትሮጅኑ ትርፍ ኤሌክትሮኖቹን ለጎረቤቱ ካርቦን ስለሚያካፍል ነው። ለማካፈል ደግሞ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር በአንድ ሜዳ ላይ መተኛት አለበት። በፔኒሲሊን ውስጥ የሁለቱ ቀለበቶች እጥፋት ናይትሮጅኑን ወደ ላይ ገፍቶታል፤ ሦስት ጉልቻ ላይ እንደ ተጣደ ድስት ሆኗል፣ ጉልቾቹ ሦስት ካርቦኖች ናቸው። እንዲህ ሆኖ ማካፈል ይከብደዋል። በዚያ ላይ ከ109 እስከ 120 ዲግሪ መዘርጋት የለመዱ አቶሞች ወደ 90 ዲግሪ ታጥፈው ተይዘዋል። ውጥረቱ በመሣሪያም ይታያል፤ በኢንፍራሬድ ብርሃን ተራ አማይድ በሴንቲሜትር ከ1650 እስከ 1680 ሞገድ ላይ ሲያስተጋባ የፔኒሲሊኑ ወደ 1780 አካባቢ ይወጣል። እዚያ ቁጥር ላይ ያለው ጫፍ ከጠፋ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዱቄት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ይህ የተወጠረ ነገር ባክቴሪያውን የሚገድለው እንዴት ነው? የባክቴሪያን ግድግዳ የጭቃ ቤት ግድግዳ አድርገው ያስቡት። ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ቋሚዎቹ ናቸው፣ አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች ማገሩ። ማገሩን የሚያስር ኢንዛይም አለ። ከመታሰሩ በፊት የማገሩ ጫፍ ላይ ዲ-አላኒን የሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ተከታትለው ይገኛሉ፤ ኢንዛይሙ ሴሪን በሚባለው አሚኖ አሲዱ የመጨረሻዋን ቆርጦ ይጥልና ቀሪውን ይዞ ከጎረቤት ማገር ጋር ያስረዋል። ቲፐርና ስትሮሚንገር በ1965 ያቀረቡት ሐሳብ ፔኒሲሊን እነዚህን ሁለት አላኒኖች በቅርጹ ይመስላል የሚል ነው። ኢንዛይሙ ተታልሎ ቀለበቷን ይቆርጣል። እዚህ ላይ ብዙ መማሪያ መጽሐፍ ቶሎ የሚያልፈው ነጥብ አለ። አላኒን ስትቆረጥ ወድቃ ትሄዳለች፣ ቦታ ትለቃለች። ቀለበት ስትቆረጥ ግን የሚወድቅ ቁራጭ የለም፤ የተቆረጠው ጫፍ በሌላው በኩል እዚያው ሞለኪውል ላይ ታስሮ ይቀራል፣ ለቀጣዩ ሥራም መንገድ ይዘጋል። ኢንዛይሙ እጁ ላይ ሙጫ እንደ ፈሰሰበት ሰው ይቀራል። ማገሩ ሳይታሰር ማደጉን የቀጠለው ባክቴሪያ በውስጥ ግፊቱ ይፈነዳል። የሰው ሴል እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ጉዳዩ አይመለከተውም።

ፍሌሚንግ ሻጋታ ባክቴሪያን ሲገድል ያየበትን የ1928 ሳህን ሁሉም ስለሚያውቀው ልለፈው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ኦክስፎርድ ውስጥ ኖርማን ሂትሊ ያወጣው ዘዴ ነው። ፔኒሲሊን አሲድ ነው፤ ፒኬኤው (ግማሹ ሃይድሮጅኑን ጥሎ የሚገኝበት ፒኤች) 2.7 ገደማ። ሻጋታው ያደገበትን ጭማቂ ወደ ፒኤች 2 ሲያወርዱት ፔኒሲሊኑ ውሃውን ትቶ ከውሃ ጋር ወደማይቀላቀለው ኢተር ይገባል። ኢተሩን ገለልተኛ ፒኤች ካለው ውሃ ጋር ሲያገናኙት ጨው ሆኖ ወደ ውሃው ይመለሳል፣ ቆሻሻው ወደ ኋላ ይቀራል። ችግሩ ያ የ20 ደቂቃ ዕድሜ ነው፤ ወደ ኢተር የሚያስገባው አሲድ ራሱ ይገድለዋል። ስለዚህ ጭማቂው በበረዶ ቀዝቅዞ፣ አሲዱ በመጨረሻዋ ቅጽበት ተጨምሮ፣ ሁለቱ ፈሳሾች በቶሎ ተገናኝተው በቶሎ መለያየት አለባቸው። ዛሬም ፋብሪካ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በኢተር ፈንታ ቡቲል አሲቴት፣ ሙቀቱ ከ0 እስከ 5 ዲግሪ፣ መለያየቱ በሴንትሪፊዩጅ። ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በአሲዱ ሳይሆን በፕሮቲን ነው፤ ከሻጋታው የተረፈ ፕሮቲን ሁለቱን ፈሳሾች እንደ እርጎ ያደርጋቸዋል፣ እርጎው እስኪለይ ሲጠበቅ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ከሰዓቱ ጋር ቀለበቷም። በየካቲት 1941 ኦክስፎርድ ውስጥ አልበርት አሌክሳንደር የተባለውን ፖሊስ ሲያክሙ መድኃኒቱ በጣም ጥቂት ስለ ነበር ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው ሰጥተውታል። ሲያልቅ ሰውየው ሞተ። ኩላሊት ፔኒሲሊንን ሳይነካው በፍጥነት ያስወጣዋል፤ ይህን ይያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሲዱ የሠራው ሌላ ጥፋት ኬሚስቶቹን ማሳሳቱ ነው። ፔኒሲሊን በአሲድ ሲበላሽ ዝም ብሎ አይከፈትም፤ የጎን ሰንሰለቱ ኦክሲጅን ዞሮ ቀለበቷን ከጎን ይመታታል፣ አቶሞቹ ተቀያይረው ፔኒሊክ አሲድ የሚባል ሌላ ነገር ይወጣል። በ1943 እና 1944 መዋቅሩን ለማወቅ የሚሠሩት ሰዎች እያጠኑ የነበሩት አስከሬኑን ነበር፣ ያውም መልኩ የተለወጠ አስከሬን። ሰልፈር እንዳለው እንኳ መጀመሪያ አልታወቀም። ኬሚስቱ ሮበርት ሮቢንሰን ኦክሳዞሎን የሚባል ባለ አምስት ቀለበት ነው አለ፤ ከአሲድ ውጤቶቹ አንጻር ምክንያታዊ ነው። ቼይንና ኤብራሃም ደግሞ ካሬዋን ያዙ። ክርክሩን የቆረጠው ሳይነኩ ማየት ነው። ዶሮቲ ሆጅኪን ከባርባራ ሎው ጋር የፔኒሲሊን ጂን የሶዲየም፣ የፖታሲየምና የሩቢዲየም ጨዎች በኤክስሬይ አጥንተው በ1945 ካሬዋን አገኟት። ሦስት ጨው ያስፈለገው በምክንያት ነው፤ የፖታሲየምና የሩቢዲየሙ ክሪስታል አደራደር አንድ ሆኖ ከባዱ አቶም ብቻ ስለሚለያይ፣ የልዩነቱ ሒሳብ አቶሙ የት እንዳለ ይጠቁማል። የሶዲየሙ በሌላ አደራደር ስለሚቆም መልሱን ማመሳከሪያ ይሆናል።

መዋቅሩ ታወቀ ማለት ተሠራ ማለት አይደለም። በጦርነቱ ዘመን አሜሪካና ብሪታንያ ውስጥ ከሺህ የሚበልጡ ኬሚስቶች ፔኒሲሊንን በብልቃጥ ለመሥራት ሞክረው እፍኝ የማይሞላ እንኳ አላገኙም። ምክንያቱ ያው ነው። ባለ አምስቱን ቀለበት ሠርተው ካሬዋን ለመዝጋት የተለመዱትን ኃይለኛ ነገሮች ይጠቀማሉ፤ አሲድ ክሎራይድ፣ ሙቀት። እነዚህ ካሬዋን ሊዘጉ የሚችሉ ቢሆንም እንኳ መልሰው ይከፍቷታል። ከዚያም በላይ፣ ካርቦክሲሉ ሲነቃ ከናይትሮጅኑ በፊት የጎን ሰንሰለቱ ኦክሲጅን ደርሶ ይይዘዋል፤ የሚወጣው ኦክሳዞሎን ነው። የሮቢንሰን መዋቅር በመጨረሻ በብልቃጡ ውስጥ መገኘቱ ነው።

ጆን ሺሃን በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ በኤምአይቲ በ1948 ጀምሮ በ1957 ጨረሰው። ያደረገው ብልህ ነገር አዲስ መንገድ ከመፈለግ በፊት አዲስ መሣሪያ መፈለጉ ነው፤ በክፍል ሙቀት፣ ውሃ ባለበት፣ አሲድም ቤዝም ሳይበዛ አማይድ የሚሠራ። ዳይሳይክሎሄክሲልካርቦዳይኢማይድ ነበር፤ በላቦራቶሪ ሰው አፍ ዲሲሲ ይባላል። አካሄዱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዲ-ፔኒሲላሚን የተባለው አሚኖ አሲድ ከአንድ የተሸፈነ (ሌላው ጎኑ እንዳይነካ ለጊዜው የታሸገ) አልዲሃይድ ጋር ሲገናኝ ባለ አምስቱ ቀለበት ይሠራል። የአሚኑ (የናይትሮጅን ቡድኑ) ሽፋን በሃይድራዚን ይነሣል፣ የጎን ሰንሰለቱ ፊኖክሲአሲቲል ይገጠማል፣ የካርቦክሲሉ ሽፋን በደረቅ ሃይድሮጅን ክሎራይድ በቅዝቃዜ ይወልቃል። ከዚያ አንድ አቻ መጠን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ዲሲሲ፣ ዳዮክሴንና ውሃ፣ 25 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ። ዲሲሲ ሥራውን ሲጨርስ ዩሪያ ሆኖ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፣ ይጣራል። የወጣው የፔኒሲሊን ቪ ፖታሲየም ጨው ከመቶ 12 ገደማ ነበር። የኦክሲጅኑን ቀዳሚነት ያመለጡት ኋላ ላይ ነው፤ የጎን ሰንሰለቱን ሳይገጥሙ፣ በቦታው ትራይቲል የሚባል ግዙፍ ሽፋን አድርገው ሲዘጉት ውጤቱ ከግማሽ በላይ ወጣ። የሚያጠቃ ኦክሲጅን ከሌለ ኦክሳዞሎን የለም።

ሻጋታው በዚህ ሁሉ ሳይቸገር ነው የሚሠራው። ሦስት አሚኖ አሲድ፣ ማለትም አሚኖአዲፒክ፣ ሲስቲንና ቫሊን፣ ያያይዛል። ከዚያ ብረት የያዘ አንድ ኢንዛይም አንዲት የኦክሲጅን ሞለኪውል ተጠቅሞ አራት ሃይድሮጅን ነቅሎ ሁለቱንም ቀለበት በአንድ መቀመጫ ይዘጋል፣ ትርፉ ውሃ ነው። ቅደም ተከተሉን ያስተውሉ፤ ሺሃን ባለ አምስቱን አስቀድሞ ካሬዋን አስከተለ፣ ሻጋታው ካሬዋን ነው የሚያስቀድመው። አማይዱ ሲጀመር እዚያው ስላለ እንደገና መሥራት አያስፈልገውም፤ የሚጨምረው ሌላ ጎን ብቻ ነው። ለገበያ ሲባል ማንም ፔኒሲሊንን ከባዶ በብልቃጥ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚሠራው እርሻውና ብልቃጡ ተከፋፍለው ነው። እንግሊዝ አገር ብሮክሃም ፓርክ የነበሩት የቢቻም መድኃኒት ኩባንያ ኬሚስቶች ሻጋታውን የጎን ሰንሰለት መነሻ ሳይሰጡት አሳድገው ሁለት ዓይነት መለኪያ ተጠቀሙ፤ ቀለበቷን የሚቆጥር የኬሚስትሪ ፈተናና ባክቴሪያ መግደሉን የሚያይ ፈተና። ኬሚስትሪው ብዙ አለ አለ፣ ባክቴሪያው ጥቂት ነው አለ። ብዙ ሰው ስሕተት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እነሱ ግን ልዩነቱን ተከትለው የጎን ሰንሰለት የሌላትን ራቁት እምብርት አገኙ፣ በ1959 አሳተሙት፤ ስድስት-አሚኖፔኒሲላኒክ አሲድ፣ በአጭሩ ሲክስ-ኤፒኤ። ዛሬ ከፔኒሲሊን ጂ ነው የሚገኘው። የጎን ሰንሰለቱ ቦንድ ተራ፣ ጠንካራ አማይድ ነው፣ ቀለበቷ ደካማ፤ ጠንካራውን ቆርጦ ደካማውን መተው በተራ ኬሚስትሪ የማይሞከር ነው። ፔኒሲሊን አሲሌዝ የሚባለው ኢንዛይም፣ ጥቃቅን ፍሬዎች ላይ ተጣብቆ፣ ከ30 እስከ 37 ዲግሪ ላይ ይሠራዋል። ፒኤቹን 8 አካባቢ መጠበቅ የሥራው ነፍስ ነው። በየደቂቃው ፊኒልአሴቲክ አሲድ ስለሚለቀቅ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ከወረደ ሥራው ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። አሞኒያ እየተንጠባጠበ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ጠብታው በደንብ ሳይበጠበጥ ከቀረ በወደቀበት ቦታ ፒኤቹ ሽቅብ ይዘልና ቀለበቷን ይከፍታታል። በኃይል ከተበጠበጠ ደግሞ ፍሬዎቹ ይፈጫሉ። ሲያልቅ ፒኤቹ ወደ 4 ሲወርድ ሲክስ-ኤፒኤ በራሱ ይዘቅጣል። ለአሞክሳሲሊን ሃይድሮክሲፊኒልግላይሲን ይገጠምለታል። «አንቲባዮቲኩ ተፈጥሯዊ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ?» ለሚል ሰው መልሴ ሁለቱን ቀለበት ሻጋታ ሠራ፣ ኮፍያውን፣ ማለትም የጎን ሰንሰለቱን፣ ፋብሪካ ነው።

ያ ኮፍያ አሚን አለው። ጨጓራ ውስጥ አሚኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ኦክሲጅኑን ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ ቀለበቷን ከጎን የሚመታው ያ ኦክሲጅን ይደክማል፤ አሞክሳሲሊን በአፍ የሚዋጥበት ምስጢር ይህ ነው። ያው አሚን በውሃ ውስጥ ግን የጎረቤቱን ሞለኪውል ቀለበት ይመታል፣ እየተያያዙም ይሄዳሉ። ፈሳሹ በወፈረ ቁጥር ይብሳል። ሽሮፑ 14 ቀን የሚቆየው አብዛኛው ስላልሟሟ ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም ሲባል በአንዱ ሚሊ ሊትር 50 አለ ማለት ነው፤ የሚሟሟው ወደ 4 ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በክሪስታል ውስጥ ተጠብቆ ከታች ተኝቷል፤ «ነቅንቀው ይስጡ» የሚለውም ለዚሁ ነው። ያልተነቀነቀ ጠርሙስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹን ወፍራም መጠን ይሰጣል። ስንበጠብጥም ዱቄቱ እንዲላቀቅ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጎ፣ ተፈልቶ ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ ውሃ በሁለት ጊዜ ማስገባት ነው፤ አንዴ ከተሞላ ከታች የተጋገረው አይላቀቅም። ለብ ያለ ውሃ ቶሎ ያሟሟል ብሎ ማሰብ ደግሞ ጠላትን መጋበዝ ነው። ክላቭላኒክ አሲድ ያለበት ሽሮፕ ሲሆን ፍሪጅ ግዴታ ነው፤ ዕድሜውም እንደ አምራቹ 7 ወይም 10 ቀን ነው፣ ምክንያቱም የክላቭላኒክ አሲዱ ካሬ ከጓደኛው ይቀድማል። እሱ የገባው የባክቴሪያውን ቤታ ላክታሜዝ እንዲያጠምድ ነው፤ ቤታ ላክታሜዝ ቀለበቷን ቆርጦ፣ እጁ ላይ የተጣበቀውን በውሃ አጥቦ የሚያስለቅቅ ኢንዛይም ነው።

ቀለበቷ እንዳለች በዓይን ማየት ለሚፈልግ፣ አንድ ቢዩሬት (ፈሳሽ በጠብታ የሚለካበት ቱቦ) ያለው ላቦራቶሪ ሁሉ የሚችለው አሮጌ ዘዴ አለ። ያልተከፈተ ፔኒሲሊን አዮዲን አይበላም፤ የተከፈተው ይበላል። ከናሙናው 2 ሚሊ ሊትር፣ 1 ኖርማል (ኖርማል የክምችት መለኪያ ነው) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 2 ሚሊ ሊትር፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፤ ቀለበቷ ሁሉ ይከፈታል። 1.2 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 2 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ 0.01 ኖርማል አዮዲን 10 ሚሊ ሊትር፣ ሌላ 15 ደቂቃ። የተረፈው አዮዲን በታዮሰልፌት ይለካል፤ ቡናማው ወደ ገለባ ሲገረጣ ስታርች ይጨመራል፣ ሰማያዊው በአንዲት ጠብታ ሲጠፋ ይቆማል። ስታርቹ ቀድሞ ከገባ አዮዲኑን ይዞ አልለቅ ይላል። ከጎን ሃይድሮክሳይድ ያልነካው ናሙና ወዲያው ይለካል፤ እሱ ራሱ ብዙ አዮዲን ከበላ መድኃኒቱ እርስዎ ሳይነኩት የተበላሸ ነው። የሚበላው አዮዲን በሙቀትና በደቂቃ ስለሚለዋወጥ የታወቀ ናሙና አብሮ ካልተሠራ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ወደ ኩላሊቱ ልመለስ። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ አገራችን ውስጥም ብዙ ወጣቶች፣ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለዚያ ፈጣን ኩላሊት የተሰጠ መልስ ነው። ሁለት አሚን ያለው አንድ ሞለኪውል ሁለት ፔኒሲሊን ጂ ይይዛል፣ የሚወጣው ጨው በአንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ከግማሽ ሚሊግራም በታች ነው የሚሟሟው። የተለመደው የአዋቂ መጠን 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው። ጡንቻ ውስጥ እንደ ክምር ተቀምጦ ለሳምንታት ጥቂት ጥቂት ይለቃል፤ ያልሟሟው ውሃ ስለማያገኘው ቀለበቷም ትቆያለች። መርፌው የሚዘጋው በዚሁ አለመሟሟት ነው። ፈሳሽ የሚመስለው ነገር የደቀቀ ክሪስታል ነው፤ ሲሪንጅ ውስጥ ቆሞ ከጠበቀ መርፌው አንገት ላይ ይከመራል። ወፈር ያለ መርፌ፣ ለምሳሌ ባለ 21 ጌጅ፣ ተበጥብጦ ወዲያው መሳብ፣ ወዲያው መውጋት፣ ሳያቋርጡ በዝግታ እኩል መግፋት። መሐል ላይ ቆም ከተባለ ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኃይል መግፋት ክምሩን ያጠብቀዋል እንጂ አያልፍም፣ መርፌውን ቀይሮ እንደገና መጀመር ነው። ደም ሥር ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ጡንቻ ውስጥ የሚጠቅመው ክሪስታል እዚያ ልብን ሊያቆም ይችላል፣ ስለዚህ ከመገፋቱ በፊት ወደ ኋላ ተስቦ ደም አለመኖሩ ይታያል።